የታቦቱ መንገድ እና የስደተኛው ተራ

በ2015 ዓ.ም. የከተራ ዕለት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ መንዝ ውስጥ በተወለድሁበት ደብር ደጃፍ ስልኬን ከፍ አድርጌ ይዤ ቆሜ ነበር። በስልኩ ማዶ ያለችው ሪያድ ውስጥ በቤት ሠራተኛነት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ካህናቱ ታቦቱን አክብረው ሲወጡ፣ ጥላው ሲዘረጋ፣ እልልታው ሲቀልጥ ሁሉንም በኢሞ እያሳየኋት ነበር። እርሷ የልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን በሻሿ ሥር ሸሽጋ፣ በሹክሹክታ የምትጠይቀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። «ኮሶው ጋ ደረሱ?» አለችኝ። ጥቂት ቆይታም፣ «እስቲ ወደ ግራ አዙረው ወንድምዬ፤ በራችንን አሳየኝ» አለች። ታቦቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ በእነርሱ በር አጠገብ፣ ከድንጋዩ ካብ ጥግ፣ ጥቂት ቆም ይላል፤ በዚያ ቦታ ከአያቷ ጀምሮ የቤቱ ሴቶች ዕጣን አጭሰው ይጠብቃሉ። «ዘንድሮ ዕጣኑን ማን ያዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። የያዘው ሰው አልነበረም። እናቷ ታማ ለሕክምና ደብረ ብርሃን ሄዳለች፤ ታናሽ እኅቷም ዐረብ ሀገር ናት። የተዘጋውን በር አሳየኋትና ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

«በውጭ ሀገር በዓል እንዴት ይከበራል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገር ይለካል፤ ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ፣ ካህን አለ ወይ፣ ሕዝቡ ተሰብስቧል ወይ። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን የአክስቴ ልጅ የጠየቀችውን አይነኩትም። እርሷ የጠየቀችው ስለ አንድ ኮሶ ዛፍ፣ ስለ አንድ በርና ስለ አንድ ኃላፊነት ነው። የአጥቢያ በዓል የመላዋ ቤተ ክርስቲያን በዓል ከመሆኑ ሌላ በመንገድና በየቤቱ የሥራ ተራ የተሠራ ነገር መሆኑን፣ ከሀገር የወጣ ሰውም አብልጦ የሚጎዳው ይህን ሁለተኛውን ክፍል በማጣቱ መሆኑን፣ ለዚህም ጉድለት የቀጥታ ሥርጭትም ሆነ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ብቻውን መልስ እንደማይሆን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አብሮ ሊሰደድ የሚችለውን እንመልከት። ሥርዓቱ ይሰደዳል። ጽላት በጳጳስ ተባርኮ በየትኛውም ሀገር መንበር ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ማኅሌቱ፣ ቅዳሴው፣ በውኃው ላይ የሚነበቡት የአራቱ ወንጌላት ምንባቦች በዋሽንግተንም በለንደንም አንድ ናቸው። የገሃድ ጾምም አብሮ ይሄዳል፤ የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ቤት ውስጥ ማንም ሳያውቅባት በዋዜማው ጾማ ትውላለች፣ ይህንንም የሚከለክላት የለም። ቅዳሜና እሑድ ከሌላ ቤተ እምነት ተከራይተው በሚያመልኩበት አዳራሽ የጀመሩ ብዙ አጥቢያዎች ዛሬ የራሳቸው ሕንፃ አላቸው። ይህ የምእመናኑ የላብ ፍሬ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሥርዓቱ መሰደዱ ግን መልኩን ሳይለውጥ አይደለም። ከተራ ስሙን ያገኘው ከመከተር ነው፤ በእኛ ደብር ጎረምሶች ከቀናት አስቀድመው ወደ ወንዙ ይወርዱና ድንጋይ ደርድረው፣ ክፍተቱን በጭቃና በሣር ሥር እየደፈኑ ውኃውን ያቁታሉ። በጥር ወር ሐይቁ ግግር በረዶ በሚሆንባቸው የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የሚከተር ወንዝ ስለሌለ የሚባረከው ውኃ በገንዳ ወይም በበርሜል የተቀዳ የቧንቧ ውኃ ነው። ታቦቱም ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን መኪና ማቆሚያ ዞሮ ወደ ድንኳኑ ይገባል። በሃይማኖት ዓይን ይህ አንዳች አያጎድልም፤ ውኃው በጸሎት ይባረካል እንጂ በምንጩ አይመዘንም። የሚጎድለው ውኃውን ያቆተው ሰው ድካም ነው። ድንጋይ የተሸከመ ጎረምሳ በማግሥቱ በዚያ ውኃ ሲረጭ የራሱ ሥራ ተባርኮ ወደ እርሱ ሲመለስ ያያል፤ ቧንቧ የከፈተ ሰው ይህን አያይም።

ቀኑም ይፈተናል። ጥር 11 በምዕራቡ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይውላል። በአሜሪካ ይህ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው፤ ስለዚህ ብዙ አጥቢያዎች ቅዳሴውን በቀኑ ፈጽመው የአደባባዩን በዓል በአቅራቢያው ወዳለው ቅዳሜና እሑድ ያዞሩታል። የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የሚውል የፌዴራል በዓል በመሆኑ ለብዙዎች ታላቅ እረፍት ሆኖላቸዋል፤ በ2018 ዓ.ም. ጥር 11 ራሱ በዚያው ሰኞ ስለዋለ፣ ብዙ ምእመናን ከአሠሪ ፈቃድ ሳይለምኑ ጥምቀትን በጥምቀት ቀን ማክበር ቻሉ። እንዲህ ያለው መግጠም በየዓመቱ አይገኝም። በሌሎቹ ዓመታት አንድ ሰው ጥር 11 ቀን ሌሊት ቆሞ አስቀድሶ፣ ጠዋት ሥራ ገብቶ፣ እሑድ ደግሞ በነጭ ልብስ ወደ መናፈሻ ይወጣል። በዓሉ ለሁለት ይከፈልበታል፤ የጸሎቱ ክፍል ለብቻው፣ የደስታው ክፍል ለብቻው። ሀገር ቤት ያደገ ሰው ይህን መከፈል በስም ባይጠራውም ይሰማዋል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ሌሊት በድንኳኑ አጠገብ በባና፣ በወፍራሙ የሱፍ ልብስ፣ ተጠቅልሎ ውርጩን የተቋቋመና ጠዋት የጨፈረ ሰው አንድ ነው።

በዓሉ ለሁለት የተከፈለበት ሌላም ዘመን ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አመራር ላይ የደረሰው መለያየት በውጭ ያሉትን አጥቢያዎች በሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ በስደተኛው ሲኖዶስና ገለልተኛ በሚባሉት ከፋፍሎ፣ በአንድ ከተማ የሚኖሩ የአንድ ወረዳ ልጆች በተለያየ ሜዳ እንዲያከብሩ አድርጓል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተደረሰው እርቅ ይህን አጥር በአብዛኛው አፍርሷል። ለእኔ ከእርቁ ፍሬዎች ሁሉ ትልቁ፣ በየሰፈሩ ተለያይተው የነበሩ ዘመዳሞች እንደገና በአንድ ድንኳን ሥር መቆም መቻላቸው ነው።

ስለ «ውጭ ሀገር» ስንናገር ግን አንድ ዓይነት ኑሮ እንዳለ አድርገን መናገር የለብንም። መንዝ ውስጥ ታቦቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲወጣ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ እዚያ የሚኖር ሰው ነፃነት አለው፣ ሰዓቱ ግን አይገጥምለትም። በሪያድ ሰዓቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው። የአክስቴ ልጅ ካህናቱ በሚራመዱበት ደቂቃ ራሱ ነቅታ፣ ፀሐይዋም በእኛ ላይ ካለችው ብዙም ሳትለይባት፣ ከበሩ ግን መውጣት አትችልም። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን መክፈት አይፈቀድም። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስና በሊባኖስ አብያተ ክርስቲያናት ቢኖሩም፣ በከፋላ ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ ቪዛ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ በመሆኑ የእረፍት ቀን ማግኘቷ ብዙውን ጊዜ በእመቤቲቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከሸዋ ሮቢት፣ ከቀወት፣ ከኤፍራታና ግድም፣ ከመንዝም የወጡት ብዙዎቹ ሴቶች የሚገኙት በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ በስደት ስላለው የበዓል አከባበር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በአሜሪካና በአውሮፓ ስላሉት ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ የዞናችን የሰሜን ሸዋ ስደት ትልቁ ክፍል ድምፁ በማዳመጫ የሚሰማ፣ ራሱ ግን የማይናገር ነው።

አሁን አብሮ ሊሰደድ ወደማይችለው ልመለስ። በሰሜን ሸዋ አንዱ የጥምቀት አከባበር ከሌላው ይለያል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው መልክዓ ምድሩና ሰፈሩ ነው። በምንጃር ሸንኮራ ኢራንቡቲ ከ40 በላይ ታቦታት ከየደብራቸው ተጉዘው በአንድ ሜዳ ያድራሉ፤ የምንጃር ሰው ስለ ጥምቀት ሲያወራ የሚያወራው ስለዚህ መገናኘት ነው፤ የእገሌ ደብር ታቦት በየት በኩል እንደመጣ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር የት መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደተገናኘ፣ ወጣቱ በምን ጭፈራ እንደተቀበለው። በእኛ በመንዝ ግን ደብሮቹ በገደልና በውርጭ የተለያዩ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ አንድ ታቦት ወደ አንድ ወንዝ ይወርዳል፤ ወሬውም በቤቶች መካከል ስላለው የሥራ ክፍፍል ነው። የድንኳኑን ቋሚ የሚያመጣው ቤት ይታወቃል። የካህናቱን እራት የሚያሰናዳው ይታወቃል። ጠላውን የሚጠምቁት፣ ሌሊት ድንኳኑን የሚጠብቁት፣ ጠዋት ታቦቱ ሲመለስ መንገዱን የሚያጸዱት በተራ ይታወቃሉ። ይህን የሚጽፍ መዝገብ የለም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው የዚያ አጥቢያ ሰው የሚባለውም በዚህ ተራ ውስጥ ስሙ ሲኖር ነው።

የአክስቴ ልጅ ቤት ተራ ዕጣን ነው። አያቷ ሸክላ ማጨሻውን ይዛ በካቡ ጥግ ትቆም ነበር፤ ፍሙ ከማገዶው ተለይቶ ከጠዋት ጀምሮ በአመድ ተዳፍኖ ይቆያል፤ ካህናቱ ከኮሶው ሲታጠፉ ፍሙ ይገለጣል፣ ዕጣኑም ይጨመራል። ቶሎ ከተጨመረ ታቦቱ ሳይደርስ ጢሱ ያልቃል፤ ከዘገየም ታቦቱ ያልፋል። ስለዚህ ልጅቱ «ኮሶው ጋ ደረሱ?» ብላ ስትጠይቀኝ በናፍቆት ብቻ የጠየቀች መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳስበው ግን እየሠራች ነበር፤ እጇ ሪያድ ላይ ቢሆንም ዕጣኑ የሚጨመርበትን ቅጽበት እየጠበቀች ነበር።

ይህን ስናስተውል የስክሪን በዓል ለምን እንደማያጠግብ ይገባናል። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ካሰፈረው ወዲህ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራጨው ምስል እጅግ በዝቷል። ምስሉ ግን በአብዛኛው የጎንደር ፋሲለደስ መዋኛና የአዲስ አበባ ጃን ሜዳ ነው። ሁለቱም ክብራቸው የተጠበቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በውጭ የተወለደ የመንዝ ልጅ «ጥምቀት» ሲባል የፋሲልን ገንዳ እንጂ አያቱ የወረደችበትን ወንዝ አያስብም። የታወቀው በዓል የአጥቢያውን በዓል ይሸፍነዋል። ወላጆቹም ሳያስቡት ይረዱታል፤ ለልጁ ለማሳየት የሚመርጡት ያማረውን ቪዲዮ ነው፣ ሦስት ካህናትና ሁለት ጥላ ያለበት፣ በንፋስ ድምፁ የሚቆራረጥ የገጠር ቪዲዮ ግን በአጎቱ ስልክ ላይ ይቀራል። የሚያምረውን ማሳየት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ተመልካች ብቻ ሊሆንበት በሚችለው በዓል አድጎ፣ የራሱ ቤት ተራ ያለበትን በዓል ሳያውቀው ይቀራል።

ገንዘቡም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውጭ ለአጥቢያ የሚላከው እርዳታ ብዙ ሠርቷል፤ የፈረሰ ጣሪያ ተሸፍኗል፣ ጥላና ምንጣፍ ተገዝቷል፣ የድምፅ ማጉያ ገብቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ አንድ ዶላር ወይም አንድ ሪያል በአጥቢያው ሚዛን ላይ ያለው ክብደት በጥቂት ወራት ውስጥ በእጅጉ ጨምሯል። በአንዳንድ ቦታ ከዚህ የተነሣ አንድ ልማድ እየገባ ነው፤ ታቦቱ በድንኳኑ ባረፈበት ሰዓት በማጉያው «እገሌ ከአሜሪካ ይህን ያህል፣ እገሊት ከዱባይ ይህን ያህል» እየተባለ ይለፈፋል። የለፋፊዎቹን ችግር እረዳለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይፈልጋል፣ ሰጪውም ስሙ ቢጠራለት ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት አንዲት ባልቴት ከጓዳዋ ያመጣችውን አንድ ቁና የገብስ ቆሎ ለካህናቱ እያደለች ነው፤ ስሟን የሚጠራ የለም። ከዚህም በላይ በውጭ ያለው ሰው ራሱ በማጉያው ስሙ ሲጠራ የአጥቢያው ልጅ መሆኑ ቀርቶ ለጋስ እንግዳ ይሆናል። እንግዳ ይመሰገናል፣ ይመረቃል፤ ተራ ግን አይሰጠውም። ተራ ያለው ሰው ሲያጓድል «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ይወቀሳል፤ ይህ መጠየቅ ራሱ የአባልነት ምልክት ነው።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭትና አብሮት የመጣው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈተነው። በ2014 ዓ.ም. ገናና ጥምቀት መንግሥት በውጭ ያሉትን ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገር ቤት እንዲገቡ በይፋ ጠርቶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ጥምቀት፣ ከሰሜን ሸዋ ብዙ ወረዳዎች አንድ ቪዲዮ እንኳ መላክ አልተቻለም። መንገዱ አስጊ ስለነበር ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን ወደ ገጠር የሚሄደውም ሰው ቀነሰ። በቀጥታ ሥርጭትና በተንቀሳቃሽ ምስል ብቻ ከበዓሉ ጋር የተያያዘ ሰው በዚያ ዓመት ምንም አልነበረውም። ሌላ መያያዣ የነበራቸው ግን ነበሩ፤ ይህን ያየሁት በራሴ ቤተ ዘመድ ነው።

መያያዣው የጽዋ ማኅበር ነው። የአክስቴ ማኅበር የቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ወር በገባ በ12ኛው ቀን አባላቱ ተራ በደረሰው ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፣ ካህኑ ድፎውንና ጠላውን ይባርካሉ፣ በመጨረሻም የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ማኅበሩን የሚመራው ሰው ሙሴ ይባላል። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥበብ አባልነቱ በሰውየው መኖርና አለመኖር ላይ አለመቆሙ ነው፤ አባል ቢሞት ልጁ ይተካል፣ ቢታመም ቤተሰቡ ያወጣለታል፣ ጽዋው ግን የዚያን ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ አያልፍም። አክስቴ ከታመመች በኋላ ተራዋ ለ2016 ጥር 12 ደረሰ። ማኅበርተኞቹ መክረው፣ «ተራው የልጅቱ ነው» አሉ። ገንዘብ እንድትልክ ብቻ አልጠየቋትም፤ ሪያድ ሆና ጠማቂ እንድትመርጥ፣ ጌሾውን ከየት እንደሚገዛ እንድትወስን፣ ድፎውን ማን እንደሚጋግር እንድትናገር ጠየቋት። ኢንተርኔት ስለሌለ በተራ የስልክ ጥሪ፣ በውድ ሒሳብ፣ ሦስትና አራት ደቂቃ እየደወለች ሁሉንም አከናወነች። ጎረቤታችን ጠላውን ስትጠምቅ ብቅሉ ጥቂት ጠቁሮባት ነበር፤ ይህንንም ሰምታ ተጨነቀች፣ ተቆጣችም። ያን ቁጣ ስሰማ ደስ አለኝ። አንድ ዓመት ቀድሞ የተዘጋ በር አይታ ዝም ያለችው ልጅ፣ አሁን ስለ ብቅል ጎረቤቷን የምትቆጣ የቤት ባለቤት ሆናለች።

ከዚህ በመነሣት ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያትና በየከተማው ላሉ የወረዳ ተወላጆች ማኅበራት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በውጭ ካለው ልጃችሁ ገንዘብ ስትጠይቁ ገንዘቡን ከአንድ ሥራና ከአንድ ቤት ተራ ጋር አያይዙት። «ለጥምቀት አስተዋጽኦ» ከማለት ይልቅ «የአባትህ የድንኳን ቋሚ ተራ ዘንድሮ ነው፤ ማንን እንወክልልህ?» በሉት። ወኪሉን ራሱ ይምረጥ፤ ወኪሉም በእርሱ ስም ይጠየቅ። በዐረብ ሀገር ላሉት እኅቶች ደግሞ ይህ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ብዙዎቹ ትልቅ ገንዘብ ሊልኩ አይችሉም፣ አንድ ቁና ዕጣን ግን ይችላሉ፣ አንዲት የጎረቤት ልጅን በቦታቸው ማቆምም ይችላሉ። በአሜሪካ ያሉ አጥቢያዎችም ቢሆኑ ሥርዓቱን በዚሁ መንፈስ ሊያጠናክሩት ይችላሉ፤ ገንዳውን የሚሞሉት፣ ድንኳኑን የሚተክሉት፣ ሌሊት የሚያድሩት ቤተሰቦች በተራ ቢመደቡ፣ እዚያ የተወለደው ልጅ ውኃውን ባይከትርም ባልዲ ተሸክሞ ያድጋል።

ይህ ሐሳብ ሁሉን ችግር አይፈታም። ልጅቱን ከመተኮሻው ክፍል አያወጣትም፤ የከፋላን ሥርዓት የሚለውጡት መንግሥታት ናቸው፣ የገጠሩን መንገድ ሰላም የሚያደርገውም ሌላ ሥራ ነው። ነገር ግን አጥቢያው በራሱ እጅ ያለውን ለማድረግ ሌላውን መጠበቅ የለበትም።

በ2017 ከተራ ዕለት በዚያው ካብ ጥግ የጎረቤታችን የ12 ዓመት ልጅ ማጨሻውን ይዛ ቆማ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከሪያድ በተራ ስልክ ደውላ በጆሮዬ ላይ ነበረች። ካህናቱ ኮሶው ጋ ሲታጠፉ ነገርኋት። «አሁን ትጨምር» አለችኝ፤ ለልጅቱ አስተላለፍሁ፣ ልጅቱም አመዱን ገልጣ ዕጣኑን በፍሙ ላይ በተነችው። ጢሱ ሲነሣ፣ ታቦቱም ሲደርስ፣ እልልታውን ትሰማ ዘንድ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አደረግሁት። ታቦቱ አልፎ ጫጫታው ሲበርድ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስሁ፤ «ልጅቱ ምን ለብሳለች?» ትለኛለች። ነጠላ ብቻ መሆኑን ስነግራት፣ «ባናውን ከሣጥኑ አውጥታችሁ አልብሷት፤ ከመሸ ውርጩ አይቻልም» አለችኝ።